የእማዬን ፓኬጅ የሚበላው ማን እንደሆነ የያዝኩበት መንገድ

አምና ለገና ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ስገባ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ እማዬ "ፓኬጄን እየሰረቁኝ ነው" ብላ ተቀበለችኝ። የወር ብላ የገዛችው ዳታ በ9 ቀን ያልቅባታል፣ እሷ ደግሞ ፊልም አታይ ጌም አትጫወት፣ የማህበሯንና የዘመድ ግሩፖቿን ብቻ ነው የምታየው። ሰፈሩ ሁሉ ሲም ካርዱን የሸጠላቸውን ድርጅት ይረግማል፣ እኔም አብሬ ልራገም ስል እስቲ መጀመሪያ ስልኩን ልየው አልኩ።

ሴቲንግ ገብቼ የትኛው አፕ ስንት ዳታ እንደበላ የሚያሳየውን ቦታ ከፈትኩት (አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ ከሚለው ስር ነው የሚገኘው)፣ ሌባው ከነማስረጃው እዛው ቁጭ ብሏል። ግሩፖቹ ያሉበት የቻት አፕ ነው፣ ብቻውን ከግማሽ በላይ። አስራ ምናምን ግሩፕ ውስጥ ናት፣ ሰው የለጠፈው ቪድዮ ሁሉ ከፈተችውም አልከፈተችውም በሞባይል ዳታ በራሱ ይወርዳል። ማንም አልጠየቃትም እኮ! አፑን የሰሩት ሰዎች ዋይፋይ እንደ ውሃ በሚፈስበት ቢሮ ተቀምጠው "ይውረድ" ብለው ወስነው ነው የላኩላት።

ያው ቪድዮ በራሱ እንዳይወርድና እንዳይጫወት ዘጋሁት፣ ፕሌይ ስቶር አፕዴት የሚያደርገው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አደረግኩ፣ ዳታ ሴቨር (አፖች ከጀርባ ሆነው ዳታ እንዳይበሉ የሚገድበውን) ከፈትኩ፣ ሌላው የቻት አፕ ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ጥሪ በትንሽ ዳታ እንዲሄድ የምታደርገዋን ቁልፍ አበራኋት። ከቡናው ሁለተኛ ጋር አለቀ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ገረመኝ። ጀርመን ሆኜ አንድ ዜና ልክፈት ስል ስለ ኩኪ (ዌብሳይቶች ሰውን ለመለየትና ለመከታተል ስልክ ላይ የሚያስቀምጧት ትንሽ ፋይል) የሚጠይቅ ሳጥን ፊቴ ላይ ድንቅር ይላል፣ አዲስ አበባ ሆኜ ያንኑ ጋዜጣ በዚያው ስልክ ስከፍተው ሳጥኑ የለም። እፎይ ብዬ ነበር፣ ኋላ ሳስበው ግን የጠፋው ጥያቄው ነው እንጂ የሚከታተሉኝማ የት ይሄዳሉ። አውሮፓ ውስጥ የሚጠይቁኝ ጨዋ ስለሆኑ አይደለም፣ ህግ ስላስገደዳቸው ነው፣ በተለይ ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ የግል ዳታ ጥበቃ ህግ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሜይ 2018 ጀምሮ የፈቃዱን መስፈርት ስላጠበቀው ነው፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ "እቀበላለሁ" የምትለዋን ትልቅና ደማቅ አድርገው "አልቀበልም" የምትለዋን ሶስት ገጽ ወደ ውስጥ ቀበሯት። በ2019 የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ቀድሞ ራይት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም አለ፣ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የፈረንሳዩ የግል ዳታ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ጉግልን 150 ሚሊዮን ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ፣ ጥፋታቸው መቀበል አንድ ንክኪ ሆኖ እምቢ ማለት ብዙ ንክኪ መሆኑ ነው። ጉግል አውሮፓ ላይ "ሁሉንም አልቀበልም" የምትል ቁልፍ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንዲት ቁልፍ ይሄ ሁሉ ብር!

እኛም ጋ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (2016 በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ግን አዋጅ ወጣ ማለት ቁልፏ እማዬ ስልክ ላይ ወጣች ማለት አይደለም፣ እነሱም ጋ ወደ 4 ዓመት ፈጅቷል። ደግሞስ ሳጥኑ ቢመጣላት ምን ልታደርግ? በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ፊቷ ከመጣ ደማቋን ነክታ ነው የምታልፈው። ለእሷ የሚያዋጣት ብትጠየቅ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ተዘግቶ ቢመጣ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከቪድዮው ጋር ፎቶውንም ዘግቼው ነበር። ፎቶው ካልተነካ ደብዝዞ ነው የሚታየው፣ እማዬ ደግሞ ዓይኔ ነው ብላ ዝም ብላለች። ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት በኋላ የጎረቤት ለቅሶ ማስታወቂያ በፎቶ ተለቀቀ፣ አላየችውም፣ ቀብሩ አመለጣት። እንዴት እንዳፈረች ስትነግረኝ መግቢያ አጣሁ፣ እነዛ አፑን የሰሩት ሰውዬዎች ሳይጠይቋት እንደወሰኑት እኔም ሳልጠይቃት ወስኜ ነበር ለካ። ፎቶውን በእህቴ በኩል አስከፈትኩት፣ ቪድዮው እንደተዘጋ ቀረ፣ በሚቀጥለው ወር ፓኬጁ 24 ቀን ቆየላት።

ይሄን ጉራዬን ነዝቼ ሳልጨርስ እህቴ ለፋሲካ አዲስ ስልክ ገዛችላት፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ። ስለዚህ አሁን እሁድ እሁድ በቪድዮ ኮል (እሱም ፓኬጁን እየበላ) ላስተምራት እሞክራለሁ፣ "እማዬ፣ ከላይ በግራ በኩል ያሉትን ሶስት መስመሮች ንኪያቸው" ስላት "የቶቹን መስመሮች ልጄ? እኔ የሚታየኝ ያንተ ፊት ነው፣ ደግሞ ከስተሃል" ትለኛለች።