የሁለት ጃንጥላ ስለት

ስሙ ይክበር ይመስገን! ያቺን ሌሊት ሳነሳ ዛሬም እንባዬ ይቀድመኛል።

የመንዝ ልጅ ነኝ። በ1969 ሶማሊያ ስትወረን ከአብሮ አደጌ ጋር ዘምተን ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባን። ፊደል የቆጠርነው ከአንድ የኔታ ነው፣ ዳዊትም አብረን ደግመናል። ጥቂት ወራት ሠልጥነን ሐረርጌ ወረድን። ጅጅጋ መስከረም ላይ ተይዛ ነበር። ኅዳር 1970 ሐረርን ሊይዙ ሲመጡ እኛ ከከተማዋ ወጣ ብለን መሽገን ጠበቅናቸው።

ሌሊቱን ታንኮቹ አይታዩም፣ ይሰማሉ። ሞተሩ ከሩቅ ያጉረመርማል። ሰንሰለቱ ይንሿሿል። የጉድጓዳችን አፈር እየተሸረፈ አንገቴ ሥር ይገባል። ቲ 55 የሚሉት ታንክ 36 ቶን ነው። እኛ ያለን ጠመንጃ፣ የእጅ ቦምብና ከትከሻ የሚተኮስ አንድ ታንክ መምቻ፣ አርፒጂ። አርፒጂውን የያዘው አብሮ አደጌ ነው፤ ቅምቡላውን የተሸከምኩት እኔ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። መሮጥ አማረኝ፣ አልዋሽም።

አንድ አሥር አለቃ ነበረን፣ ከአንበሳው ሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጣ። በሕይወት ካለ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ካረፈም ነፍሱን ይማር። ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዳኸ ይመጣል። «ታንክ አጠገቡ ያለውን አያይም። የሚሮጠውን ነው በመትረየስ የሚለቅመው። ጉድጓዳችሁን ጠባብና ጥልቅ አድርጉ፣ በላያችሁ ያልፋል። ግንባሩን አትምቱ፤ ጎኑን ወይ ጀርባውን ጠብቁ» አለን። እስኪነጋ ቆፈርን። ጨለማ ለብሰው ውሃ ያመጡልን የሐረርጌ ገበሬዎችንም አልረሳም። እግዜር ይስጣቸው።

«ጻድቃኔ ማርያም፣ ካወጣሽኝ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» አልኩ።

«ለእኔም ጨምርበት» አለ አብሮ አደጌ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ከቀኝም ከግራም ጓዶቻችን ወደቁ። አንዱ ታንክ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። ጎንበስ አልን። ቀኑ ጨለመ። የናፍጣ ሽታና ትኩስ አየር አፈነን፣ አፈር ላያችን ላይ ተናደ። ያኔ ሳላስበው «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» ከአፌ ወጣ፤ የልጅነቴ ዳዊት። አለፈ! በላያችን አለፈ!

እሱ ብድግ አለ። አርፒጂ ከኋላው እሳት ስለሚተፋ «ከጀርባዬ ዞር በል!» ብሎ ጮኸብኝ። ሞት አናቱ ላይ ቆሞ ለእኔ ያስባል። ጀርባውን አነጣጥሮ ለቀቀበት። ታንኩ ቆመ፣ ጢሱ ተነሣ። «እነዚያ በሰረገላ እነዚያም በፈረስ ይታመናሉ፤ እኛ ግን በአምላካችን በእግዚአብሔር ስም ከፍ ከፍ እንላለን» የሚለው ቃል ለእኔ የተጻፈው ያን ቀን ነው።

የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል አደረግን። አብሮ አደጌ ግን እዚያው ቀረ።

እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። «ሁለት ሆነን ለምነንህ አንዱን ትመልሳለህ?» አልኩት። አገሬ ከገባሁ በኋላ አራት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም። በእናቱ ደጅ ላለማለፍ በወንዙ በኩል እዞር ነበር።

አንድ ቀን ራሷ መጣች። ልትረግመኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አገላብጣ ሳመችኝና «የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» አለችኝ። የስለቱን ነገር ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ የልጄን ስለት ለምን ታሳድርብኛለህ?» አለች።

ኅዳር 21 ለጽዮን ማርያም ከእሷ ጋር ሳላድንጋይ ወረድን። ጃንጥላዎቹን ጥጥ ሸጬ በያዝኳት ብር ገዛኋቸው፤ ሁለት፣ ዘርፋቸው ወርቅማ። የእኔን እኔ ያዝኩ። የሱን ለማንም አልሰጥም ብላ መንገዱን ሙሉ ታቅፋው ሄደች።

ጻድቃኔ ደጅ ስንደርስ ካህኑ «የማን ስለት ነው?» አላት።

«የልጄ» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ከአራት ዓመት በኋላ ደጁን ሳምኩ።