ከዚያ በፊትስ?

ነሐሴ በደብረ ማርቆስ ከልጅ ጋር ቤት የሚዋልበት ወር ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ ግቢው ጭቃ፣ ዝናቡ ከቀትር በኋላ የማይቀር፣ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ደግሞ ጋቢ የሚያስደርብ። መብራት ካለ ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ፣ ከጠፋ የኔን ስልክ መናጠቅ ነው። ትልቋ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ትንሹ ገና አራት ዓመት አልሞላውም። ዘንድሮ ስልኬን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬ፣ ቤት ውስጥ ባለው ነገር ብቻ የሚሠራ ጨዋታ መፈለግ ጀመርኩ።

ምስጋናም በዚያው እንዲለምዱልኝ ፈልጌ ነበር። ልጅ «አመሰግናለሁ በል» ሲባል ይላል፤ ዓይኑ ግን ከረሜላው ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ልጅ ከልቡ የሚያመሰግነው የማንን ድካም እየበላ እንደሆነ ሲያውቅ ነው። ይህን ደግሞ ቁጭ አድርጎ በመምከር ማሳወቅ አይቻልም፤ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሹ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል።

ጨዋታው የተጀመረው ምሳ ላይ ነው። «ይህ እንጀራ ከየት መጣ?» አልኩ። «ከሞሰብ!» «ከዚያ በፊትስ?» «ከምጣድ!» «ከዚያ በፊትስ?» «ከሊጥ!» እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ሕጉ ሁለት ነው፦ በየደረጃው የደከመውን ሰው መጥራት፣ ከዚያ ተነስቶ እሱን መሆን። እናታቸውን ሲሆኑ እየዞሩ ሊጥ ያፈሳሉ፤ ባለወፍጮውን ሲሆኑ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት ይቀባሉ (ዱቄቱን የፈቀደ የለም፣ ራሳቸው ናቸው)። ወደ ወፍጮ ቤት ጤፉን ተሸክማ የምትመላለሰውን አህያ ለመሆን ሁልጊዜ ጠብ አለ፤ ትንሹ ከአህያዋ ሌላ መሆን አይፈልግም።

ከወፍጮ ወዲያ ሲሄድ የኔ እውቀት ይሳሳል፤ እዚያ የባለቤቴ እናት ይረከቡኛል። ቢቸና ገጠር ነው ያደጉት። መሬቱ ተደጋግሞ እንደሚታረስ፣ ሐምሌ ላይ ከብት ገብቶ እንደሚረግጠው፣ ጤፉ በዚያ ላይ እንደሚበተን፣ ከዚያ ወገብ እስኪንቀጠቀጥ ጎንበስ ብሎ ማረም እንዳለ ይነግሯቸዋል። «እና እማማ፣ አንድ በአንድ ነው የምትነቅሉት?» ትላለች ትልቋ። «ታዲያስ! አረሙ ሲጠሩት ይመጣል?» ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ከዚያ ክምር፣ ከዚያ አውድማ። አውድማውን የሠራነው ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን ነው። ልጆቹ በሬ ሆነው ይዞራሉ፣ እማማ ከወንበራቸው ሳይነሱ ይነዷቸዋል፣ እኔ መንሽ ይዣለሁ። መንሹ መጥረጊያ ነው።

ያን ቀን ከበሉት ይልቅ የሮጡት ይበልጣል። ማታ ግን ትልቋ የተረፈ ቁራሽ እንጀራ አንስታ «ይሄ ስንት ሰው አለበት?» አለችኝ። መልስ ለመስጠት ከመሶቡ ሥር ቆንጥሬ ነጭ ጤፍ አመጣሁና ሰፌድ ላይ በተንኩላት። ሺህ ፍሬ ቢቆጠር ግማሽ ግራም አይሞላም አልኳት። አላመነችኝም፤ ቆጥራ ልታረጋግጥ ተቀመጠች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ስትደርስ ወንድሟ አነጠሰ።

የጨዋታው መጨረሻ ሁልጊዜ ዝናብ ነው። «ዝናቡንስ ማን አመጣው?» «እግዜር ነዋ!» ይላሉ እማማ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «ተመስገን በሉ።» ልጆቹም «ተመስገን!» ይላሉ። አንድ ቀን ታዲያ ትንሹ ጨዋታውን በደንብ ስለገባው «ከእግዜር በፊትስ?» ብሎ ጠየቀ። «ዝም በል አንተ ልጅ!» አሉና አማተቡ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ላይ ስንደርስ እማማ ራሳቸው «በቃ፣ ቡና ይፈላ» ይላሉ።

ስለ ምስጋና ያነበብኩት አንድ ጥናት አለ። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንት፣ በየሳምንቱ የሚያመሰግንባቸውን እስከ 5 የሚደርሱ ነገሮች እንዲጽፍ ተደረገ፤ ሌላው ያማረሩትን ነገሮች ጻፈ። ምስጋና የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ይጽፋሉ። የኔዎቹ ደግሞ እርሳስ ከሰጠኋቸው ግድግዳው ነው የሚጻፍበት። ስለዚህ በእርሳስ ፈንታ ባቄላ ሆነ።

ማር የነበረበት ባዶ ብልቃጥ መስኮቱ ላይ አስቀመጥን። ማታ ማታ እያንዳንዱ ሰው፣ እኔና እናታቸውም ጭምር፣ ዛሬ ማን ምን እንዳደረገለት ተናግሮ አንድ ባቄላ ይጥላል። «ለሁሉም ነገር» ማለት አይቆጠርም። ስም ይጠራ፣ ሥራውም ይነገር። ትልቋ ጫማዋን ስላጠበላት አጎቷ፣ ጸጉሯን ሳታሳምም ስለሠራቻት ጎረቤታችን ባቄላ ጣለች። ትንሹ «ውሻው ስላልነከሰኝ» አለ። እማማ «አለመንከስ ውለታ ነው እንዴ?» ብለው ተከራከሩ። እኔ ግን ተቀበልኩት፤ በዚህ ዘመን አለመንከስም ውለታ ነው። እኔን የገረመኝ የባለቤቴ ባቄላ ነው። ሌሊት ተነስቼ ከጣሪያው የሚያፈሰው ውሃ ሥር ባልዲ እንዳስቀመጥኩ ተናግራ ጣለች። ተኝታ ነበር ብዬ ነበር የማስበው።

ብልቃጡ የሞላው በፍልሰታ ነው። ባቄላውን አሳድረን ዘፈዘፍነው፣ ስንዴና ሽንብራ ጨመርንበት፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ስማቸው ለተጠራ ጎረቤቶች ልጆቹ በሳህን በሳህን እያደረጉ አደረሱ፤ «ይሄ ጸጉሬን የሠራሽኝ ነው» እያሉ። በኛ አገር ሳህን ባዶውን አይመለስም። ከጎረቤት ትኩስ እሸት በቆሎ ተደርጎበት መጣ። «ባቄላ ሰጥተን በቆሎ!» ብለው ጮኹ፣ ያን ማታ ብልቃጡን ቶሎ እንሙላው ተባለ። ምስጋና ይሁን ንግድ አላጣራሁም።

ሌላው ሁሉ ትንንሽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ትልቋ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ እጅ ታስታጥባለች። «እደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ስትባል ቁመቷ ሲጨምር ይታየኛል። እዚህ ላይ ምስጋናው ወደ እሷ ነው የሚመጣው፤ መቀበልም ይለመዳል። ትንሹ ማስታጠብ ሲያምረው ፎጣ ይዞ እንዲቆም እናደርገዋለን፣ የእንግዳውን እጅጌ ለማትረፍ። ማታ ቡና ላይ እንቆቅልሽ አለ። ያመሰገንከውን ነገር እንቆቅልሽ አድርገው አልናቸው። ትልቋ «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ?» «ሲጠሩት አይሰማ፣ ሲያንኳኩበት ይናገራል!» ጣሪያው ነው አለች፣ ዝናብ ስለከለለልን። እማማ አልቻሉም፣ «አገር ስጪኝ» አለች፤ ደጀንን ቢሰጧት እምቢ፣ ፍኖተ ሰላምን እምቢ፣ ባሕር ዳር ሲሏት ገባች። ከዚያ አያቷን በግጥም ሰደበቻቸው። ስድቡን ማስቀረት አለብህ ያለኝ ዘመድ ነበር። አላስቀረሁም፤ ልጅ ስድብ የሌለበት እንቆቅልሽ አይጥመውም። እማማም ራሳቸው በልጅነታቸው የሰደቧቸውን ሰዎች አሁን ድረስ ያስታውሳሉ።

አሁን እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። ወንድ ልጆች ሥዕል ሠርተው ለትልልቅ ሰው የሚሰጡበት፣ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው የሚዞሩበት ነው። እኛ ቤት ዘንድሮ ሁለቱም ይስላሉ። የሚስሉትም ለ«ከዚያ በፊትስ» ሰዎች ነው፦ ለባለወፍጮው፣ ለጤፍ ነጋዴዋ፣ ለእናታቸው፣ ለእማማ። ወረቀትና ቀለም እርሳስ ገዝቻለሁ፤ ምንም አይገዛም ያልኩት እዚህ ላይ ፈረሰ። ትልቋ የባለወፍጮውን ቅንድብ ነጭ ለማድረግ ነጩን እርሳስ ነጭ ወረቀት ላይ እየፈተገች ትናደዳለች። ትንሹ አህያዋን ጨርሷል፤ ስድስት እግር አላት። ለማን ነው የምትሰጠው ስንለው ለራሷ አለ፤ ባለቤቷን በምን ቃል እንደማስፈቅድ እያሰብኩ ነው።