ኤክሴል የማያውቃት ጳጉሜን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከቅጥር ቀኖች ጋር ስታገል ዋልኩ። የሠራተኛው ፋይል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ። 30/2/2012 ብዬ ስጽፍለት እንደ ተራ ጽሑፍ ያልፈዋል፤ ጥቅምት 30ን ከየት ያውቃል? ጳጉሜንማ ጭራሽ። የሚብሰው ግን ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። 5/5/2012፣ ጥር 5 መሆኑ ቀርቶ የፈረንጅ ግንቦት ይሆንና ለሠራተኛው ከሰባት ዓመት በላይ አገልግሎት ይመርቅለታል! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የዓመት ፈቃድ በ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ስሙንማ ተዉት፤ በሀሌታው ሀ «ሀይሉ»፣ በብዙኃኑ ኀ «ኃይሉ» ሲባል አንዱ ሰውዬ ሁለት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህ ሁሉ ሥራ አስኪያጁ «ሰው ለምን እንደሚለቅ በዳታ አሳየኝ» ስላሉ ነው። መልቀቂያ ደብዳቤዎቹ አንድ ቃል ናቸው፦ «በግል ምክንያት»። የሥራ ልምዱን ሳይቀበል ከአለቃ ጋር የሚጣላ ማን አለ? ደብዳቤውን ትቼ የለቀቁትን በክፍልና በፈረቃ ደረደርኳቸው። ማሸጊያ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ተከመሩ። ክሊራንስ ልታስፈርም የመጣች ልጅ አገኘሁና ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ ደሞዙ አይደለም» አለችኝ። «ሰርቪሱ ድሮ ሰፈር ድረስ ይገባ ነበር። አሁን ማታ አስፋልት ላይ ጥሎን ይሄዳል። ጅቡስ? ዱርዬውስ?»

ሰንጠረዡ የት እንደምጠይቅ ጠቆመኝ እንጂ ጅቡን አያውቀውም።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከጣት አሻራ ማሽኑ ላይ የአርፋጆች ዝርዝር ይፈልጋሉ፣ ለማሰናበት። ሕጉ በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ማርፈድ ይላል፤ ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ነው። ማስጠንቀቂያው የታለ? እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የጠዋቱን ዝርዝር በደንብ ስታዩት፣ ያረፈዱት ተከታትለው በአንድ አፍታ ነው አሻራ የሰጡት። እንዴት ነው አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እኩል የሚሰንፈው? እንዲህ ያለ ቁጥር ሠራተኛ ማባረሪያ ሲሆን ደስ አይለኝም።

ነገ ከስምሪት ክፍል ሰርቪሱ የሚደርስበትን ሰዓት መዝገብ እጠይቃለሁ። ለሥራ አስኪያጁ የአርፋጆቹን ዝርዝር የምሰጣቸው ከሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ነው።