የታክሲው መስኮት

ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ማለዳ ማለዳ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ርእሱም መስኮት ነው። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰው መስታወቱን ገፋ ከማድረጉ ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ዞር ብሎ ካየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንዳች ቃል መልሶ ይዘጋዋል። መኪናው 12 ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት ቢሆንም ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሦስትና አራት ሰው ስለሚጨምርበት፣ መካኒሳን ሳናልፍ መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ይለብሳል።

እኔም ለረጅም ዓመታት ከ«ዝጉት» ባዮቹ ወገን ነበርሁ። እናቴ ያሳደገችን ብርድን እንድንፈራ አድርጋ ነው፤ ገላን ታጥቦ ወዲያው ደጅ መውጣት፣ በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት፣ በተለይም ግራና ቀኝ መስኮት በተከፈተበት ቤት መካከል መቀመጥ በእሷ ዘንድ ክልክል ነበር። አራስ በተኛችበት ክፍል የበሩ ስንጥቅ እንኳ በጨርቅ ይደፈናል። ደግሞም በአማርኛችን ብርድ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ የሆድ ብርድ አለ፣ የወገብ ብርድ አለ፣ ፊቱ በድንገት የተጣመመበትንም ሰው «ነፋስ መታው» እንላለን። ምች ለመታው ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ይሰጠዋል፤ ጉንፋን ለያዘው ነጭ ሽንኩርት በማር ይቀርብለታል። ይህን ጥንቃቄ ለማጣጣል አልተነሣሁም (ዳማከሴውን እኔም ዛሬ ድረስ አልተውሁትም)። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ፣ የሐምሌ ማለዳ ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ የሚያውቅ ሰው ብርድን ቢፈራ አይፈረድበትም።

እኔን ከዚያኛው ወገን ያወጣኝ በ2009 ዓ.ም. የያዘኝ ሳል ነው። ስም ያወጣችለት እናቴ ነበረች፤ «የታክሲ ብርድ ነው» አለችና ፌጦውን በሎሚ አሽታ ሰጠችኝ። ሌሊት ሌሊት ልብሴ በላብ እየራሰ፣ ቀበቶዬም ቀዳዳ እየተጨመረለት፣ ሻርፔን ጠምጥሜ ከአንድ ወር በላይ ሥራ ተመላለስሁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው የአክታ ምርመራ እንዲያደርግ የሚመክር ማስታወቂያ በሠፈራችን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር። በመጨረሻ ስመረመር የሳንባ ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

ሕክምናው ስድስት ወር ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ የቀሩትን አራት ወራት ሁለት ዓይነት። ማለዳ እየሄድሁ ኪኒኑን በነርሷ ፊት እውጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ሲቀላ ደም መስሎኝ ደንግጬ ስመለስ፣ ነርሷ የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን ነገረችኝና አረጋጋችኝ፤ ቀጥላም «የምትተኛበት ክፍል መስኮት አለው? ይከፈታል?» ስትል ጠየቀችኝ። አለው፤ ግን ክረምት ከበጋ ተዘግቶ፣ ከፊቱም ቁም ሣጥን ተገትሮበት የሚኖር መስኮት ነው።

የነርሷ ማብራሪያ እናቴን ጭምር የሚመለከት ነበር። እናቴ ሕመሜ ከታወቀ ጀምሮ ብርጭቆዬንና ሳህኔን ለይታ በሌላ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ፣ በፈላ ውኃ እያጠበች፣ ክፍሉን ግን ድርግም አድርጋ ትዘጋ ነበር። ቲቢ በብርጭቆም ሆነ በእጅ መጨባበጥ አይተላለፍም። ሕመምተኛው ሲስል ወይም ሲናገር ከአፉ የሚወጡት እጅግ የደቀቁ ጠብታዎች በታፈነ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ፤ የሚበትናቸው ያ የምንፈራው ነፋስ ነው፣ ፀሐይም ተሐዋስያኑን ትገድላቸዋለች። ቁም ሣጥኑን በዚያው ቀን ከወንድሜ ጋር አነሣነው። እናቴ አልተቃወመችም፤ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ግን ሌላ ጋቢ ታመጣልኝ ነበር።

ቲቢው ከታክሲ ይያዘኝ ከቢሮ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ተሐዋሲው በዓለም ሕዝብ ሩብ ያህል ሰውነት ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር፣ ከእነዚህም የሚታመሙት ጥቂቶቹ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አንድን ወንበር ወይም አንድን ተሳፋሪ መወንጀል አልሻም። ነገር ግን ብርድ ወዲያው ቆዳ ላይ ይሰማል፤ የሌላ ሰው ትንፋሽ አይሰማም። ከኋላ «ዝጉት» የሚለውም ሰው ስለ ጤናው ግድ የሌለው ሳይሆን እንደ እኔው ጤናውን የሚጠብቅ ነው፤ የሚጠነቀቀው የሚሰማውን ነገር ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ታክሲው ተሳፋሪውን በግማሽ ቀንሶ ታሪፉን እጥፍ ሲያስከፍል፣ መስኮቶቹ ተከፍተው ሲዋሉ ማንም «ብርድ» አላለም። ፍርሃቱ ሲያልፍ እነሱም ተዘጉ።

እኔም ንግግሬን ቀንሻለሁ። በታክሲ ውስጥ ስለ ተሐዋስያን ማስረዳት ጠብ እንጂ አየር አያመጣም፤ ባለፈው ሳምንት የሆነውም ይኸው ነው። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈት ሳደርገው አጠገቤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው «ልጄ፣ ዝጋልኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል» አሉኝ። «እናቴ፣ እርስዎ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ነፋሱ እኔን ይምታኝ» ብዬ ቦታ ተቀያየርን። ጥቂት ከሄድን በኋላ ከኋላችን አንድ ሰው አፉን ሳይሸፍን ደጋግሞ ሳለ። እናት ዞር ብለው አዩት፣ ነጠላቸውን አጠበቁ፣ ከዚያም በክርናቸው ነካ አደረጉኝና «እስቲ ትንሽ ጨምርበት» አሉኝ።