ሰማዩን ስናሞቅ የኖርንበት ምድጃ

ሳሎናችን ውስጥ ያለው የድንጋይ ምድጃ ቤቱን ስንገዛም የነበረ ነው። ሲያዩት ያምራል። እሳት ሲነድበት ደግሞ ዓይን አይነቀልም። እናቴ ግን ወንበሯን አስጠግታ በተቀመጠች ቁጥር «ፊቴን ይጠብሰኛል፣ ጀርባዬን ይበርደኛል» ትላለች። ብርድ ልብስ ጀርባዋ ላይ ጣል አደርግና ማገዶ እጨምራለሁ። ማገዶ ስጨምር መኝታ ቤቶቹ ይብሱን ይቀዘቅዛሉ። ምክንያቱ አይገባኝም ነበር።

የገለጠልኝ ጭስ ማውጫውን ሊጠርግ የመጣው ባለሙያ ነው። ጎንበስ ብሎ በባትሪ ወደ ላይ አየና ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ ይሄ ምድጃ የሚያሞቀው እርስዎን አይደለም፣ ሰማዩን ነው» አላት። ነገሩ እንዲህ ነው። እሳት ለመንደድ አየር ይፈልጋል። ክፍት ምድጃ አየሩን የሚወስደው ከክፍሉ ነው፣ ያውም እኛው ያሞቅነውን። ያ አየር በጭስ ማውጫው ሽቅብ ሲወጣ፣ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ከእንጨቱ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚቀረው 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የመስታወት በር ያለውና አየሩ የሚመጠን የብረት ምድጃ ግን 70 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለው የብረት ምድጃ ደግሞ ነባሩ የድንጋይ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ግንቡን ማፍረስ አያስፈልግም።

ያን ቀን ወሰንኩ። መለካቱን ግን አበላሸሁት። ሜትር ይዤ የፊቱን ወርድና ቁመት ለካሁ፣ በቃ። የድንጋይ ምድጃ ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል፣ የኋላ ግድግዳውም ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ለአራት ተሸክመን ስናስገባው አራት ጣት ያህል ወጥቶ ቀረ። አስመልሼ አነስ ያለውን አመጣሁ። እባካችሁ የፊትና የኋላ ወርዱን፣ የፊትና የኋላ ቁመቱን፣ ጥልቀቱንም ለየብቻ ለኩ።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን በድሮው ጭስ ማውጫ ውስጥ ስለሚገባው የጭስ ቱቦ ነው። አንድ ሻጭ «ቱቦ ምን ያደርግልሃል? ጭሱ ራሱ መንገዱን ያውቃል» ብሎኝ ነበር። እውነት ለመናገር ልቤ ሸፍቶ ነበር፤ ቱቦው ወጪውንም ሥራውንም ይጨምራል። ባለሙያው ግን በፍጹም አለ። የድሮው ጭስ ማውጫ የተሠራው ለክፍት እሳት ስለሆነ ሰፊ ነው። ከብረት ምድጃ የሚወጣው ጭስ ደግሞ መጠኑ ትንሽ ነው። በዚያ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ክሪዮሶት የሚሉት ይህ ነው፤ እንደ ሬንጅ ጥቁርና ተለጣፊ። አንድ ቀን እሳት ከያዘው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይንቦገቦጋል፣ ቤት ያቃጥላል።

ስለዚህ ከምድጃው አናት እስከ ጣሪያው ጫፍ የሚደርስ ተጣጣፊ ቱቦ አስገባን። የማይዝግ ብረት ነው፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር፤ ልክ እንደ ምድጃው የጭስ መውጫ። ሙቀት በሚይዝ ልባስ ተጠቅልሏል። የድሮውን የጭስ ማውጫ መክደኛ ቀድመን ቆርጠን አውጥተናል። ባለሙያው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያወርድ፣ እኔ ከታች በገመድ እስባለሁ። ቱቦው ጡቡን እየፋቀ ሲወርድ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እምቢ አለ፤ ባለሙያው ትንሽ አዞር አደረገውና ጥላሸት ፊቴ ላይ እያራገፈ መጣ። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ቆብ ተደረገለት። ከታች ደግሞ በቱቦውና በግንቡ መካከል ያለውን ክፍተት በላሜራ ዘጋን፣ ከላሜራው በላይ እሳት የማይበላው የድንጋይ ሱፍ ጠቀጠቅን። ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ካልተዘጋ ግን ሙቀቱ ከብረቱ ጀርባ ሾልኮ ተመልሶ ሰማዩን ማሞቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን እሳቶች አነስ አነስ አድርጌ ነው ያነደድኩት። ቀለሙ እየደረቀ ሲሄድ ይሸታል፣ መስኮት መክፈት ግድ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ሰቅያለሁ። መርዛማው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝተን ቢመጣብን በምን እናውቃለን?

በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ ጠቆረ። ምድጃው ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ጥፋቱ የእንጨቱ ነበር። አንዱን ፍልጥ እንደገና ፈልጬ የውስጡን እርጥበት ስለካው 28 በመቶ ሆነ። ከ20 በታች መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ ከፊሉን የሚያጠፋው የራሱን ውኃ በማትነን ነው፣ ጭሱም ይበዛል። መለኪያ የሌለው ሁለት ፍልጥ ያጋጭ፤ ደረቁ ቃ ይላል፣ እርጥቡ ድብ ይላል። አሁን የሚመጣውን ዓመት ማገዶ ከወዲሁ ፈልጬ፣ ከላይ ብቻ ሸፍኜ፣ ጎኑን ለነፋስ ክፍት አድርጌ ደርድሬዋለሁ።

እናቴ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዛውራለች። ብርድ ልብሱም ቁም ሳጥን ገብቷል።

ብርዱ ሲያልፍ ያው ባለሙያ ሊጠርግ መጣ። ከቱቦው የወረደው እንደ ዱቄት የላመ ደረቅ ጥላሸት ነው፣ ግማሽ ባልዲ እንኳ አልሞላም። በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ አየና «እንጨትህ ደርቋል ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በምድጃው በርና በአካሉ መካከል ወረቀት አስገብቶ ዘጋና ሳበው። ከላይ በኩል ያዘ። ከታች በቀኝ በኩል ወረቀቱ ሳይቀደድ ሾልኮ ወጣ። የበሩን ዙሪያ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን እዚያ ጋ ላልቷል። ቀጣዩ ብርድ ሳይመጣ እቀይረዋለሁ።