ዩፒኤሱን ንቀሉልኝ

14 ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ወረቀት ማጠፊያው ማሽን ላይ፣ በኋላ ፎቅ ላይ በአራሚነት። ቢሯችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው።

አንድ ጠዋት "ይሄ ዩፒኤስ ሲጮህ አይሰማችሁም እንዴ?" አልኩ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየውን ባትሪ ማለቴ ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጭውውው የሚል፣ ትንፋሽ የሌለው። ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ዩፒኤሱን ነቀለ፤ ቀጥሎ ፍሪጁን። በመጨረሻ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋው።

"አሁንስ?"

"አሁንማ ባሰበት!"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጽዳት የሚሠሩት እናት "ልጄ፣ ሰው ስምህን እያነሳ ነው" አሉኝ። ገንዘብ ያዧ "አበዳሪዎችህ ናቸዋ!" ብላ ሳቀች።

ጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ኩክ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ድምፅ የማያስገባ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጎልኝ "ስትሰማ ቁልፉን ተጫን" አለኝ። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሲመጡ እጄ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቲኒተስ ይባላል አለኝ፤ ከውጭ ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ውስጥ የሚሰማ ጩኸት ነው። የውስጠኛው ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች በጩኸት ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ደርሶ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሲቆይ ጆሮ ይጎዳል። እኛ ማሽኑ አጠገብ አንድ ክንድ ርቀት ቆመን እንኳ ጮኸን ነበር የምናወራው። ጩኸቱን የሚያጠፋ ኪኒን ደግሞ የለም።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ አለቃዬን ጸጥ ያለ ክፍል ለመንኩ። ከኋላ ያለው መዝገብ ቤት ተሰጠኝ። ዝንብ እንኳ የለበትም። እዚያ ቁጭ ስል ጆሮዬን ብቻ ሆነ የማዳምጠው። በሁለተኛው ሳምንት 500 የሠርግ ካርድ "ጥር 12" መባል ሲገባው "ጥር 21" ተብሎ ታተመ። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። የሙሽራዋ ወንድም ካርዱን ይዞ ሲመጣ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። እንደገና የታተመበት ከደሞዜ ተቆረጠ።

ሐኪሙ ሲሰማ "ጸጥታ ማን አዘዘልህ?" አለኝ። ዙሪያው ጭር ሲል የጆሮው ጩኸት ጎልቶ ይሰማል። ለካ ጎን ለጎን ለስለስ ያለ ሌላ ድምፅ ያስፈልገዋል።

አሁን ጠረጴዛዬ መስኮቱ ስር ነው። ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል፣ ሬዲዮዬ ዝቅ ብላ ታወራለች። ጩኸቱ አለ፤ ግን እረሳዋለሁ። ማታ ቬንትሌተር ከፍቼ እተኛለሁ። ባለቤቴ በሐምሌ ብርድም መክፈቴን ገና አልለመደችውም።

ትናንት ወደ ማሽኑ ወረድኩ። አዲሱ ልጅ የጆሮ መከላከያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

"ጆሮህ ላይ አድርገው" አልኩት።

"ምን አሉኝ ጋሼ?"