የእናቴ የልብስ ቁልፎች

ልጄ አራት ዓመት ሞልቷት መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ከጥቂት ወራት በኋላ የተሰጠኝ የግምገማ ቅጽ ከላይ እስከ ታች የጎደላትን የሚዘረዝር ነበር፤ ብዙ ቃላት አታውቅም፣ ከልጆች ጋር አትቀላቀልም፣ እስከ አሥር መቁጠር አልቻለችም። መምህርቷም በቅንነት፣ ቤት ውስጥ የምንኖርበትን የውጭ አገር ቋንቋ ብቻ ብንናገር እንደሚሻል መከረችኝ። እኔም ዛሬ ድረስ በሚቆጨኝ ፍጥነት ተቀብዬ እናቴን «እማዬ፣ እባክሽ ለጊዜው በአማርኛ አታጫውቻት» አልኳት። እናቴ ሌላ ቋንቋ ስለማትችል፣ ከልጅ ልጅሽ ጋር አታውሪ ማለቴ እንደነበር የገባኝ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የልብስ ቁልፍ የሞላ አንድ ቆርቆሮ አላት፤ ልጄ ከዚያ ውስጥ እየዘረገፈች ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራቱ ትለያለች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድራለች፣ አያቷ «ስንት ሆኑ?» ስትላት በአማርኛ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች። መለየት፣ ማነጻጸርና መቁጠር የሒሳብ መነሻ ናቸው፤ ቅጹ ግን ልጅቷ በቤቷ ቋንቋ ምን እንደምትችል የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም።

በሚቀጥለው ዓመት የተረከበቻት መምህርት ገና ስንተዋወቅ የጠየቀችኝ፣ ልጄ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ምን ማድረግ እንደምትወድ ነው። ስለ ቆርቆሮው ስነግራት እናቴን ወደ ክፍሏ ጋበዘቻት። (ወደ አፍ ሊገቡ የሚችሉትን ትንንሽ ቁልፎች አስቀድማ ለቅማ አውጥታለች።) እናቴ በዚያች አጭር ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታስቆጥር፣ ዓመቱን ሙሉ ዝምተኛ የተባለችው ልጄ ለአያቷም ለጓደኞቿም አስተርጓሚ ሆነች።

በኋላ እንደተረዳሁት አሠራሩ የመምህርቷ የግል ፈጠራ አልነበረም። የትምህርት ተመራማሪው ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ መምህራን የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ተማሪዎቻቸውን ቤት የጎበኙት ጉድለት ሊነግሩ ሳይሆን ቤተሰቡ የሚያውቀውን ሊማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 29፣ ትምህርት ልጁ ለወላጆቹ፣ ለገዛ ባህሉ፣ ለቋንቋውና ለእሴቶቹ አክብሮት እንዲያድርበት ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል።

እናቴ ያን ቀን ያልኳትን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም፤ ቆርቆሮውን ግን ከመኝታ ቤቷ አውጥታ አሁን የምታስቀምጠው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው።